ድንጋዩ ይቅደም፣ ምክክሩ ይደርሳል

ሕዝቡን የሚያማክር መንግሥት የተባረከ ነው። ወስኖ ጨርሶ የሚያማክር ደግሞ ይበልጥ የተባረከ ነው። የሰው ጊዜ አያባክንማ!

የኬንያዋን ላሙ ተመልከቱ። የካቲት 2004 ዓ.ም. ላይ የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር እና የኛው መለስ ዜናዊ ተገናኝተው የወደቡን ሥራ አስጀመሩ። ሲያልቅ 32 የመርከብ ማቆሚያ ይኖረዋል ተባለ። ለደቡብ ሱዳንም ለኛም የባሕር በር ይሆናል ተባለ። ወደብ ያማረው ሰው ምን ያደርጋል? አጨበጨብን።

የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱስ? እሱ ከመሠረት ድንጋዩ በኋላ ደረሰ። ደግሞም ልክ ነው። ድንጋይ ሳይኖር ጥናቱ ምን ላይ ይቀመጣል? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉ ምቀኞች ግን አይጠፉም።

የእንዲህ ያለ ምክክር ወግ ለኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ባነር ይሰቀላል። የታሸገ ውሃ ይደረደራል። ባለሙያው ስላይዱን ሲያነብ ግማሽ ቀን ያልፋል። ከዚያ «ሰዓት ስለሄደ ለሦስት ሰው ብቻ ዕድል እንሰጣለን» ይባላል። አንዱ ተነስቶ «ዓሣውስ?» ይላል። «በግብዓትነት ይዘነዋል» ይባላል። የግብዓት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ይያዛል እንጂ አይመለስም። መውጫው ላይ ስም ይፈረማል። ፊርማው የመገኘት ይሁን የመስማማት፣ ሪፖርቱ ላይ ሲደርስ አንድ ነው።

የላሙ ዓሣ አጥማጆች ግን ይህን ውለታ አላወቁም። የባሕሩ ወለል ሲቆፈር፣ ዳርቻው ሲሞላ፣ ማንግሮቩ (የባሕር ዳርቻው ደን) ሲመነጠር ሥራችን ጠፋ አሉ። ጀልባችን ትንሽ ናት፣ ጥልቁ ባሕር አትገባም አሉ። ይኼን ያህል ዝርዝር ለማን ይነገራል? ለፍርድ ቤት ነገሩት። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕዝቡ በአግባቡ አልተማከረም ብሎ፣ ለ4,600 ገደማ ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ ካሳ ፈረደ። ዳኞች ስላይድ አይወዱም መሰለኝ።

ደግነቱ ወደቡ አልተቀየመም። ግንቦት 2013 ዓ.ም. የያኔው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የመጀመሪያውን ማቆሚያ መረቁት። ከ32ቱ የተሠሩት ሦስት ናቸው። ለ29ኙ ሕዝቡ ገና ይማከራል። የፊርማው ወረቀት ግን ካሁኑ ሳይታተም አይቀርም።