ክርክር፦ ቪኪ ቶማስ አማተር ሆና መቅረቷ ያስቆጫል?

ዌልሳዊቷ ጎልፈኛ ቪኪ ቶማስ የአገሯን የሴቶች አማተር ሻምፒዮና ስምንት ጊዜ አሸንፋለች። የመጀመሪያውን በ1979፣ የመጨረሻውን በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮፌሽናል ግን አልሆነችም። ሁለት ጸሐፊዎች በዚህ ተሟግተዋል።

ያስቆጫል

እኔን በጣም ያስቆጨኛል። 1979 እኮ በብሪታንያ የሴት ፕሮፌሽናሎች ቱር (ተከታታይ ውድድር) የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑን ያካሄደበት ዓመት ነው። በሩ ተከፍቶ ነበር። ሎራ ዴቪስን ተመልከቱ። በ1984 ከርቲስ ካፕ በተባለው የአማተር ሴቶች የቡድን ውድድር ላይ ከቪኪ ጋር በአንድ ቡድን ነበረች። በዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆነች፤ በ1987 የአሜሪካን የሴቶች ኦፕን ወሰደች። ጎልፍ የሚከታተል ሁሉ ሎራን ያውቃታል። ቪኪን ግን ስንቱ ያውቃታል?

አማተር ማለት ያኔ ምን ማለት እንደነበረ አንርሳ። አሸንፈሽ የገንዘብ ሽልማት መቀበል ክልክል ነው። ልምምዱ፣ ጉዞው፣ ከሥራ የምትቀሪበት ቀን ግን ሁሉም ወጪ አለው። ሴት ልጅ ስትለፋ ኖራ እጇ አመድ አፋሽ ሲሆን "ለፍቅር ነው የምትጫወተው" ብሎ ማሞገስ አይዋጥልኝም።

አያስቆጭም

ወንድሜ፣ የረሱት ነገር አለ። ከርቲስ ካፕ አሜሪካ ከታላቋ ብሪታንያና አየርላንድ ጋር በየሁለት ዓመቱ የሚገናኙበት የአማተር ሴቶች ውድድር ነው። ፕሮፌሽናል የሆነች አትሰለፍም። ቪኪ ከ1982 እስከ 1992 ስድስቱንም ተሰልፋለች።

ከስድስቱ አንዱ የ1986ቱ ነው። ቦታው ካንሳስ፣ ፕሬሪ ዱንስ። የእሷ ቡድን 13 ለ 5 አሸነፈ። ከዚያ በፊት ወንድም ይሁን ሴት፣ አማተርም ይሁን ፕሮፌሽናል፣ ከብሪታንያና አየርላንድ ተሻግሮ አሜሪካን በሜዳዋ ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። ይህን በገንዘብ ይተምኑልኝ እስቲ!

በዚያ ውድድር ሁለት ባልደረቦች በአንድ ኳስ የሚጫወቱበት ግጥሚያም አለ። ተራ በተራ ይመታሉ። ባልደረባሽ ኳሷን ረጅም ሣር ውስጥ ከተተቻት እንበል። ከዚያ መንጥቀሽ የምታወጪው አንቺ ነሽ። ፊትሽን ማጥቆር አያዋጣም፤ ቀጥሎ የምታበላሺው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ቡድን ማለት እዚያ ነው የሚታየው።

ቪኪ የተጫወተችበት ፔናርድ የተባለው ክለብ ደግሞ ከስዋንሲ አጠገብ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ገደል አናት ላይ ነው። የፈረሰ ግንብ አለ። መሬቱ የጋራ ግጦሽ ስለሆነ ከብቶች ሜዳው ውስጥ ይሰማራሉ። ነፋሱ የመታሽውን ኳስ ወዳላሰብሽው ይወስደዋል። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ያደረን ጎልፍ እወዳለሁ።

ያስቆጫል

እህቴ፣ ካንሳስን አልክድም፤ ታላቅ ድል ነው። ግን ደንቡ ራሱ ምን ሆነ? በ2022 ተሻሽሎ አማተሮች ስፖንሰር እንዲይዙ፣ እስከ 700 ፓውንድም ሽልማት እንዲቀበሉ ተፈቀደ። ያ ክልከላ ያን ያህል የከበረ ከነበረ ለምን ተነሳ? ብዙ ጎበዝ ልጆች አቅም አጥተው ስንት ዓመት ከቀሩ በኋላ ነው የተነሳው። ስማቸውን እንኳ አናውቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አያስቆጭም

እሱን ልክ ነዎት። ደንቡ ዘግይቷል፤ አቅም የሌላትን በር ላይ አስቀርቷል። ለእነሱ እኔም እቆጫለሁ። ለቪኪ ግን አልቆጭም።

በ1982 ዴንቨር ላይ ቡድኗ 14½ ለ 3½ ተደቁሶ ተመለሰ። በ1984 ሚዩርፊልድ ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ፣ 9½ ለ 8½ ተሸነፈ። ሎራ ከዚያ ሽንፈት በኋላ ወጣች፤ መብቷ ነው፣ ጥሩም አደረገች። ቪኪ ሽንፈትን ለሁለተኛ ጊዜ ቀምሳ፣ አማተር ሆና ቀረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ካንሳስ ላይ ነበረች።