ሽክ ለማለት ዱቤ ምን አስፈለገ?

ወገኖቼ የጎንደር ሰዎች፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የመጣሁት። ነገሩ የልብስ ነው። «በዚህ የኑሮ ውድነት ስለ ልብስ ይወራል?» እንዳትሉኝ። ኑሮው ስለተወደደ ነው የማወራው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚገባ ሱሪና ጫማ ዋጋው የት እንደደረሰ ከኪሳችሁ በላይ ነጋሪ አያሻችሁም። አለባበሳችን ግን ዋጋው የጨመረ አልመሰለውም።

ጥምቀት ሲቃረብ ምን እንደምንሆን እናውቃለን። ታኅሣሥ ሲጋመስ የፒያሳ ቡቲኮች መግቢያ ያጣሉ። ደሞዝተኛው ከባልደረባው ይበደራል። እቁብ የደረሰው ብሩን ሳያሳድር ጫማ ያደርገዋል። ያልደረሰው የደረሰውን ለምኖ ተራ ይቀያየራል። የቀረው ዱቤ ነው። ለምን ስትሏቸው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይሏችኋል፣ የሕግ አንቀጽ የጠቀሱ ይመስል። ተረቱ እኮ የሚያወራው ስላለ ቀሚስ ነው። ያለሽን፣ ሳጥን ውስጥ የቆለፍሽበትን አውጥተሽ ልበሺ ነው የሚለው። ተበድረሽ ግዢ የሚለው ከየት መጣ?

ከዚያ የካቲት ይገባል። ባለሱቁ ይደውላል፣ ስልኩ አይነሳም። በሱቁ ደጅ ማለፍ ይቀርና በጓሮ ዞሮ መሄድ ይመጣል። ልብሱ ገና አዲስ ነው፣ ለባሹ ግን ተሸማቋል። እንዲህ ተዘንጦ ምን ይደረጋል?

ይህ እንኳ የራስ ዕዳ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እህት ቤይሩት ወይ ሪያድ የሰው ቤት ስታጸዳ ትውላለች። «ለእማዬ መድኃኒት፣ ለቤት ኪራይ» ብላ ብር ትልካለች። ወንድም ተብዬው ከላዩ ቆንጥሮ ስኒከር ይገዛል። ከዚያ የፋሲል ግንብ አጥር ስር ቆሞ ፎቶ ይነሳና ለእሷው ይልክላታል። እሷም «አምሮብሃል ወንድሜ» ትላለች፣ ምስኪን። ጎበዝ፣ ይህ ነገር በስሙ ይጠራ ከተባለ ሌብነት ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን።

ስለ ብራንድም ልናገር። ደረቱ ላይ ትልልቅ የፈረንጅ ፊደል የተጻፈበት ቲሸርት ለብሶ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ የሚምል ልጅ ሞልቷል። ዛራ ይላል፣ ኤች ኤንድ ኤም ይላል። ዛራ እ.ኤ.አ. በ1975 በስፔኗ ላ ኮሩኛ ከተማ ሱቅ ሲከፍት ሐሳቡ ሀብታም የሚለብሰውን ዓይነት ፋሽን ተራው ሰው በሚችለው ዋጋ ማቅረብ ነበር። ኤች ኤንድ ኤምም እ.ኤ.አ. በ1947 ስዊድን ውስጥ የተጀመረው በርካሽ የሴቶች ልብስ ነው። በአገራቸው ጸሐፊዋም፣ አስተማሪውም፣ ተማሪውም የሚገዛባቸው ሱቆች ናቸው፣ ያውም ቅናሽ እስኪወጣ ጠብቆ። እኛ ጋ ሲደርሱ የጌትነት ማኅተም ሆኑ። አብዛኛው እዚህ የምናየው ደግሞ ስሙ ብቻ የተለጠፈበት ነው። ኤች ኤንድ ኤም ኢትዮጵያ ውስጥ ልብስ ሲያሰፋ እንደነበር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የእኛው ልጆች የሰፉለትን ስም እኮ ነው የምንሳለመው።

ስማቸውን ተዉትና ብልሃታቸውን ውሰዱ። እዚያ በትንሽ ገንዘብ የሚዘንጥ ሰው ልብሱን እርስ በርሱ እንዲስማማ አድርጎ ነው የሚገዛው። ጥቁር ሱሪ፣ ነጭና ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ከሁሉም ጋር የሚሄድ አንድ ጃኬት። ሳምንቱን ሙሉ ያቀያይረዋል፣ ማንም «ደገመው» አይለውም። የእኛ ሰው ግን አንድ ቀይ ኮት በደሞዙ ይገዛና ከስሩ የሚለብሰው ያጣል። ለነገሩ የጎንደር ማታ ብርድ ነው፤ ጃኬቱ ላይ ብር ብታወጡ አልቀየማችሁም።

አሁን ወደ ሰልባጅ እንምጣ። ቅዳሜ ገበያ ቦንዳ ሲፈታ ቀድማ የምትደርሰው ማን ናት? ብዙ ጊዜ ደህና ደሞዝ ያላት ናት። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ጎትታ ትመርጣለች። የሚያውቃት ሰው ብቅ ሲል ሽንኩርት የምትጠይቅ መስላ ዞር ትላለች። ሰኞ ቢሮ ስትገባ «ከአዲስ አበባ ተልኮልኝ ነው» ትላለች። እቴ፣ ምን አሳፈረሽ? ዓይንሽ ጥሩ ነው፣ ምርጫሽ ጥሩ ነው፣ ብርሽን አድነሻል። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ መሆኑ እውነት ነው፣ ያ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ልብሱን ለብሶ ሻጩን የሚንቀው ነው። እሱን ያየ ልጅም የሚማረው ያንኑ ነው፤ በርካሽ የተገኘ ነገር ይደበቃል፣ በውድ የተገዛ ይወራል። ስለዚህ «ስንት ገዛኸው?» የምትለዋን ጥያቄ ተዉአት እባካችሁ። ግማሹን ውሸታም ያደረገችው እሷ ናት።

ስትመርጡ ብራንዱን ሳይሆን ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ። ብብቱን እዩ፤ ላብ የበላው ጨርቅ አይመለስም። ዚፑን ደጋግማችሁ ሳቡት። ከሁሉም በላይ ትከሻው ልካችሁ ይሁን። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ሱሪ ይቆረጣል። የኮት ትከሻ ግን ሰፊ ከሆነ ሰፊ ነው። እሱን ለማስተካከል ኮቱ ተፈትቶ እንደገና መሰፋት አለበት፣ ልብስ ሰፊው ከገዛችሁበት በላይ ይጠይቃችኋል። ጥጥ ነው ካሏችሁ ደግሞ ከጠርዙ አንድ ክር መዛችሁ ክብሪት አስነኩት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸትና ብን የሚል አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጥቁር ጠጠር ይሠራል። (ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ደግሞ ቦንዳውን እንዳታቃጥሉበት።)

የዘናጭ ሰው ምስጢር ያለው ግን ልብስ ሰፊ ጋ ነው። በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግተው የሚሰፉ አንድ አዛውንት አውቃለሁ። አንድ መምህር ሸሚዝ ይዞ መጣ። ሸሚዙ ደህና ነው፣ ኮሌታው ግን አንገት የሚያርፍበት ላይ ተልጦ ክሩ ወጥቷል። አዛውንቱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። በምላጭ ስፌቱን ለቀም ለቀም አድርገው ፈቱት። ኮሌታውን ለይተው ገለበጡት። የተበላው ጎን ወደ ስር፣ ያልተነካው ወደ ላይ ሆነ። በዚያው በድሮው መስመር መልሰው ሰፉትና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «በል ደግሞ ጥቂት ዓመት ልበስ» አሉት። የከፈለው ብር ለአንድ ቡቲክ ሸሚዝ ቁልፍ እንኳ አይበቃም። ይህ ሁሉ እጅ በየበረንዳው ተቀምጦ፣ እኛ ሱሪያችን ቁርጭምጭሚት ላይ ተጨማድዶ፣ ወገቡን በቀበቶ ሰብስበን እንሄዳለን። ከዚያ «ልብስ አያምርብኝም» እንላለን። አልተለካማ!

ለጥምቀት ከገጠር የሚመጣውን ጎረምሳ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከአርማጭሆ ይመጣል። ቁምጣው ልኩ ነው። ፎጣው ትከሻው ላይ፣ ዱላው እጁ ላይ። እግሩ ላይ ያቺው የፕላስቲክ ጫማ፣ ግን ታጥባለች። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. ከመዘገበው ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ካሜራውን የሚያዞረው ወደ እሱ ነው። ከአውሮፓ ድረስ ዛራ ሊያይ የሚመጣ ሰው የለም።

እናንተ ሴቶችም ስሙኝ። በጥበብ ከአንገት እስከ ጫፍ የተጥለቀለቀ ቀሚስ የግድ ነው ያለው ማን ነው? ሸማኔ የሠራው፣ ጥለቱ ቀጠን ያለ፣ ፈትሉ ጥሩ የሆነ ቀሚስ ዋጋውም ይቀላል፣ ዘመንም አያልፍበትም። ጥበብ የሚመስል የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ርካሽ ነው፣ አቅሟ ያ የሆነ ብትለብሰው አፌን አልከፍትም። አቅሙ እያላት እሱን በየዓመቱ የምትቀያይር ግን የሸማኔውን እንጀራ እየዘጋች፣ እሷም አንድ ደህና ቀሚስ ሳይኖራት ትቀራለች። ያላችሁንም ያዙት። ነጭ ልብስ ላይ በረኪና እየደፋችሁ ጥበቡን የምታደበዝዙት ለምንድን ነው? እናቶቻችን በእንዶድ አጥበው ነው ነጠላ ለልጅ ልጅ ያወረሱት።

ሠርግ ላይ ደግሞ አንድ ክፉ ነገር ለምዶብናል። የሙሽራው ወገን አንድ ዓይነት ጨርቅ ይመርጥና ዘመድ ሁሉ ግዛ ይባላል። ሚዜዎች አንድ ዓይነት ሱፍ፣ እህቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ አክስቶች ሌላ አንድ ዓይነት ቀሚስ። ያልገዛች አክስት ፎቶ ላይ ዳር ትቆማለች። ብዙዎች ብር ስለሌላቸው ብቻ «አሞኝ ነው» ብለው ከወንድም ልጅ ሠርግ ይቀራሉ። ደጋሾች ሆይ፣ ቀለም ብቻ ምረጡ። «ነጭ ልበሱ» በቃ። ነጭ ያልያዘ ጎንደሬ ቤት የለም። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱት ካለ ለሠርጋችሁም ይበቃል።

ጫማን በሁለት ቃል ልለፈው፤ ክረምት ላይ የዚህ ከተማ ጭቃ ነጭ ስኒከር አይወድም። ጥቁር ቆዳ ጫማ ገዝታችሁ ሊስትሮው ጋ ቁጭ በሉ።

እንግዲህ ቅዳሜና እሑድ ሳጥናችሁን ክፈቱ። ያለውን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግፉት፣ በመስታወት ፊት ለኩት። የሚጠበውን፣ የሚያጥረውን፣ ኮሌታው የሚገለበጠውን ለዩና በአንድ ፌስታል ወደ ሰፊ ውሰዱ። ኅዳር ላይ ከሄዳችሁ ዋጋም ይቀንሱላችኋል፣ ጊዜ ሰጥተውም ይለኳችኋል። ከገና በኋላ ብትሄዱ ግን ያው ታውቋቸዋላችሁ፣ «ለቃና ዘገሊላ ይደርሳል» ነው የሚሏችሁ።