ሽርጥ የለበሰ ጉልበት

አጎቴ ጉልበቱን የሚለካው በስንዝር ነው። ዓምና ደሴ ላይ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ከጉልበቱ ሥር ተሰበረ። ጀሶው ሲወጣለት እግሩ እንደ ዱላ ደርቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲሰግድ ለአተህያቱ (ሶላት ላይ ተረከዝ ላይ ተቀምጦ ለሚባለው ዱዓ) ይቀመጥና ከጨረሰ በኋላ በተረከዙና በመቀመጫው መሀል እጁን ከቶ ያያል። «ስንዝር ቀረኝ» ይላል።

ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ ሁለት ክንድ ያላት የፕላስቲክ ማዕዘን መለኪያ አለቻት። አንዱን ክንድ በታፋው፣ ሌላውን በቅልጥሙ ትይዩ ታደርግና ጉልበቱ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ አይታ «አብሽር ጋሼ፣ ዛሬ 90 ገብተናል» ትለዋለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ባለሙያ ለካውና 85 አለው። ያን ቀን አጎቴ ምሳም አልበላ። ጉልበቱ ግን ወደ ኋላ አልሄደም። በእጅ ሲለካ አምስት ዲግሪ ያህል መለያየት ያለ ነው።

ይህን ያነሳሁት እንቅስቃሴን በካሜራ ብቻ የሚለካው ቴክኖሎጂ ወደኛም ይምጣ የሚሉ ሰዎች ስለበዙ ነው። የድሮው ዘዴ ላብራቶሪ ይፈልጋል። ብርሃን የሚመልሱ ትንንሽ ኳሶች ቆዳ ላይ ይለጠፉና ዙሪያውን የተተከሉ ካሜራዎች ይከታተሏቸዋል። አዲሱ ኳስ የለውም። ሰዎች «ጉልበቱ እዚህ፣ ቁርጭምጭሚቱ እዚያ» እያሉ ምልክት ካደረጉባቸው እልፍ ፎቶዎች የተማረ ፕሮግራም መገጣጠሚያውን ከቪዲዮ ላይ ይገምታል። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ኦፕንካፕ የተባለ ፕሮግራም ለምሳሌ ሁለት አይፎን ይበቃዋል። ከላብራቶሪው ጋር ሲነጻጸር የመገጣጠሚያ ማዕዘን ስህተቱ በአማካይ 4.5 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከ60 ወደ 90 የሄደን ጉልበት በደንብ ያሳያል። የሳምንት ለውጡ ሦስት ዲግሪ ከሆነ ግን ለውጡ ስህተቱ ውስጥ ይሰምጣል።

እኔ ይምጣ ከሚሉት ወገን ነኝ። ከወረኢሉ ወይም ከከላላ ተነስቶ ለአምስት ደቂቃ ልኬት ደሴ የሚመላለስ ሰው ትራንስፖርቱ ብቻ ያደክመዋል። ሰፈሩ ያለው ጤና ጣቢያ ቀርጾ ቢልክለት ትልቅ ነገር ነው። (ኔትወርክ ካለ። እሱን እንለፈው።)

የኔ ጥያቄ ልብሱ ላይ ነው። ፕሮግራሙ አጥንት አያይም፤ የሚያየው ከላይ ያለውን ነው። አጎቴ ሽርጥ ነው የሚለብሰው። እናቶቻችን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ ለብሰው ነጠላ ይደርባሉ። እዚያ ውስጥ ያለውን ጉልበት ካሜራው በግምት ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ቁጥሩን ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ያደርገዋል። ማሳያ ቪዲዮዎቹ ላይ የሚሮጠው ሁልጊዜ ቁምጣ የለበሰ ወጣት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሆስፒታል ከመገዛቱ በፊት ሽርጥና ቀሚስ በለበሱ ታካሚዎች ላይ ይሞከር፤ ፊዚዮቴራፒስቷም ጎን ለጎን በእጇ ትለካ። «ልብስዎን ያውልቁ» ማለት ቀላል ይመስላል። አንዲት እናት ግን ቪዲዮው የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየው ሳይነገራት ቀሚሷን አትሰበስብም። ልክ ናት። ቢያንስ መጋረጃ ይኑር፣ ቀራጯም ሴት ትሁን።

ሌላም አለ። ደልዳላ መሬት ላይ ለመራመድ ጉልበት 60 ዲግሪ ገደማ ቢታጠፍ ይበቃዋል። ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ግን ከ130 በላይ ይፈልጋል። አረማመድ ብቻ የሚለካ መሣሪያ አጎቴን «ድነሃል» ብሎ ያሰናብተዋል፤ እሱ ግን ገና ተረከዙ ላይ መቀመጥ አልቻለም።

ባለፈው ጁምዓ ደውዬ ስለ ካሜራው ነገርኩት።

«ለአተህያቱ ስቀመጥ ይለካኛል?»

«ለጊዜው አረማመድ ላይ ነው ጎበዝ።»

«እንግዲያው ስንዝሬ ይሻለኛል» አለና ሳቀ። «ደግሞ ስንዝር መባሉ ቀርቷል። አራት ጣት ገብቻለሁ።»