እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ዘንድሮም አልከሰርንም

ሰሞኑን የአንድ የመንገደኞች መርከብ ኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት እጄ ገባ። ስሙን አልጠራም። ብጠራውስ ምን ይለወጣል? ሁሉም ያው ናቸው። ሽፋኑ ላይ ሰማያዊ ባህር፣ ነጭ ወፍ፣ የሚስቅ ሕፃን። ገለጥ ስታደርጉት ደግሞ የሚስቅ ሊቀመንበር። «እጅግ ፈታኝ በሆነው ዓመት አመርቂ ውጤት አስመዝግበናል።» እናንተም ታውቋታላችሁ ይቺን ዓረፍተ ነገር።

ትክክለኛውን ቁጥር የፈለገ ሰው ወደ ኋላ፣ ፊደሉ ወደሚያንስበት፣ «ማብራሪያ» ወደሚባለው ሰፈር ይወርዳል። ኪሳራው እዚያ በቅንፍ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ግባ እንደተባለ ዘመድ።

እኔ ግን ለወቀሳ አልመጣሁም። ላመሰግን ነው። ይሄ ጥበብ ነው፣ ጥበብ!

መጀመሪያ ወጪው ለሁለት ይከፈላል፤ «የተለመደ» እና «አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም»። ሁለተኛውን አውጥተው ሲጥሉት የሚቀረው «የተስተካከለ ትርፍ» ይባላል። ታዲያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጋጥመው ምንድን ነው? ነዳጅ መወደዱ። ማዕበል መነሳቱ። አስቡት፣ የባህር ኩባንያ ሆኖ ባህር ማዕበል እንዳለው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሰማል! ሦስተኛው ደግሞ «ያልተጠበቀ ጥገና» ነው። በዓለም አቀፉ የባህር ደህንነት ስምምነት መሠረት ከአገር አገር የምትመላለስ የመንገደኞች መርከብ የደህንነት ሰርተፍኬት ከ12 ወር በላይ አያገለግልም። በየዓመቱ ትፈተሻለች። ቀኑ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ይሄን ያህል የሚጠበቅ ነገር ሳይጠብቁ መገኘት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

ኢቢትዳ የሚሏት ነገር ደግሞ አለች። ከወለድ፣ ከግብር እና ከእርጅና ቅናሽ (መርከቧ ስታረጅ ከዋጋዋ ላይ በየዓመቱ እንደ ወጪ ከሚያዘው) በፊት ያለ ትርፍ ማለት ነው። መርከብ እንጂ ሌላ ምንም ለሌለው ኩባንያ መርከቧ በነፃ የተገኘች፣ ባንኩም ብድሩን ለጽድቅ የሰጠ እየመሰለ መቁጠር እንዴት ደስ ይላል! በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ የረጅም ጊዜ ኪራይ ራሱ ወደ እርጅና ቅናሽና ወለድ ይከፋፈላል። ስለዚህ ያለሠራተኛ የተከራዩዋት መርከብም በኢቢትዳ ዓይን ስትታይ ነፃ ናት።

የኔ ተወዳጅ ግን የዕድሜው ነገር ነው። እስቲ መርከቧ በ100 ሚሊዮን ተገዛች እንበል። የቁርጥራጭ ብረቷን ዋጋ እንተወው። 25 ዓመት ታገለግላለች ተባለ፤ ስለዚህ በዓመት 4 ሚሊዮን የእርጅና ቅናሽ ይያዝባታል። 20 ዓመት ሞላት። መዝገብ ላይ የቀራት 20 ሚሊዮን ነው። ኩባንያው ደግሞ ዘንድሮ 2 ሚሊዮን ሊከስር ነው። ምን ይሻላል? ቲኬት መሸጥ አድካሚ ነው። ቦርዱ ይሰበሰባል፣ ጉሮሮ ይጠረጋል፣ አንድ ብልህ ሰው እጁን ያወጣል። «ይቺ መርከብ እኮ 35 ዓመት ትኖራለች!» በቃ። ቀሪው 20 ሚሊዮን በ5 ሳይሆን በ15 ዓመት ይከፋፈላል። 4 ሚሊዮኑ ወደ 1.3 ሚሊዮን ወረደ። የ2 ሚሊዮኑ ኪሳራ 700 ሺህ ገደማ ትርፍ ሆነ። በሬ ወለደ! ብሎን ያጠበቀ የለም። ቀለም የቀባ የለም። መርከቧ ራሷ ወሬውን አልሰማችም፤ ወደቡ ላይ ቆማ ጥቁር ጭሷን እያሳለች ነው። ለምን 35 ላይ እንደቆሙ ግን አልገባኝም። 60 ቢያደርጉት የዓመቱ ቅናሽ ግማሽ ሚሊዮን ብቻ ነው። 100 ቢሆን ደግሞ 250 ሺህ! እንደዚህ ከተባለ የኖኅ መርከብም ገና አዲስ ናት፣ ሪፖርቱ ላይ «በአገልግሎት ላይ ያለ ንብረት» ተብላ ከነእንስሳቶቿ ልትገባ ትችላለች። ሕጉ አልተጣሰም ደግሞ። ደረጃው በየዓመቱ መጨረሻ የአገልግሎት ዘመኑን ከልሱ ይላል። ይከልሳሉ። ወደ ላይ ብቻ።

አንዷ መስመር ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ጉዞው ተሰርዞበት በገንዘቡ ፋንታ ቫውቸር የተሰጠው ሰው አለ። ቫውቸሩ ቀን አለው። ሰውየው ታሞ ይሆናል፤ ረስቶ ይሆናል፤ ደውሎ ደውሎ የሚያነሳለት አጥቶ ይሆናል። ቀኑ አለፈ። እስከዚያ «ዕዳ» ተብሎ የተያዘው ገንዘብ ዛሬ «ገቢ» ሆኗል። መንገደኛው አልሄደም፣ መርከቧ አልተንቀሳቀሰችም፣ ጠብታ ነዳጅ አልተቃጠለም። አውቃለሁ፣ የሂሳብ ደረጃው ይፈቅዳል፤ ኦዲተሩም ፈርሟል። ቢፈርምስ? የሰው ገንዘብ ነው። መልሱለት!

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከሁሉ የሚደንቀኝ እነዚህ ሰዎች የትኛውን ቁጥር ለማን እንደሚያወጡ አለመሳሳታቸው ነው። የሥራ አስኪያጁ ቦነስ ሲሰላ የተስተካከለው ትርፍ ይወጣል። ባለአክሲዮን ሲመጣም እሱው። መርከበኛው ደመወዝ ይጨመርልኝ ሲል፣ ወይ ቲኬት ሊወደድ ሲሆን፣ ወይ ከመንግሥት ድጎማ ሲለመን፣ ያ በቅንፍ የተደበቀው ኪሳራ ከጓዳ ተጠርቶ ሳሎን ይቀመጣል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሀብታምም ድሃም መሆን ለሌላው ሰው አልተሰጠም።

እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ሥራ ላይ የሚውል አዲስ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ አለ፣ ቁጥር 18። አስተዳደሩ ራሱ የፈለሰፈውን የትርፍ ዓይነት እዚያው ማብራሪያው ውስጥ፣ ኦዲተር እያየው፣ ከዋናው ቁጥር ጋር አስታርቆ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ለጊዜው ይጨንቃቸው ይሆናል። አይዟችሁ፣ እዚያ ድረስ የሚያነብ ብዙ ሰው የለም።

እኔ በበኩሌ ከሚቀጥለው ጉዞ ጀምሮ የምከፍለው «የተስተካከለ ቲኬት» ነው። የነዳጅ ጭማሪው፣ የወደብ ክፍያው፣ የቦታ መያዣው ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጋጥሙኝ ወጪዎች ስለሆኑ ቀንሻቸዋለሁ። ቲኬት ቆራጩ ካልተስማማ ማብራሪያዬን ያንብብ፣ በትንንሽ ፊደል ጽፌዋለሁ።