የሐኪሙም የታካሚውም ደቂቃ በአንድ ቁና ይሰፈር

ባለፈው ወር ረፋድ ላይ ከሐኪም ጋር በቪዲዮ የምንነጋገርበት ቀጠሮ ነበረኝ። 5 ደቂቃ ቀድሜ ሊንኩን ከፈትኩ። «ሐኪምዎ በቅርቡ ያገኙዎታል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ያ ጽሑፍ 50 ደቂቃ ሙሉ ሳይለወጥ ቆየ። ስሜ ሲጠራ ያመልጠኛል ብዬ ውኃ ለመጠጣት እንኳ አልተነሣሁም። በመጨረሻ ኢንተርኔቱ ለአፍታ ተቋረጠ፤ ተመልሼ ስገባ ቀጠሮው ተዘግቷል። በማግስቱ «በቀጠሮዎ ባለመገኘትዎ» የሚከፈል ሒሳብ ተላከልኝ።

ገንዘቡን ከፍዬ መርሳት እችል ነበር። ያልተዋጠልኝ ቃሉ ነው። እኔ ተገኝቻለሁ። ያልተገኘው ሌላ ሰው ነው።

ቀጠሮ አስይዞ መቅረት ጉዳት እንዳለው አልክድም። አንድ ሰው ሳይሰርዝ የሚተወው ሰዓት ሕመሙን ይዞ ሳምንታት ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ሊውል ይችል ነበር። ሐኪሞችም በዚህ ቢያዝኑ እውነታቸውን ነው። መንግሥታትም ያስቡበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሪሺ ሱናክ በእንግሊዝ ሐኪም ቀጠሮ የሚያስቀሩ ሰዎች 10 ፓውንድ እንዲቀጡ ሐሳብ አቅርበው፣ የሐኪሞች ማኅበራት ጭምር ሲቃወሙት ትተውታል። ጥያቄዬ ቅጣት ይኑር አይኑር ብቻ አይደለም። ሁለት ሰዎች በተስማሙበት ሰዓት አንዱ ሲዘገይ «ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶ ነው» ተብሎ ሲታለፍ፣ ሌላው ለምን ሒሳብ ይላክለታል?

ቅጣት ራሱ የታሰበለትን ነገር ሁልጊዜ አያስተምርም። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በእስራኤል ሐይፋ ከተማ 10 የሕፃናት ማቆያዎችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። በ6ቱ ማቆያዎች ልጃቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች ትንሽ ገንዘብ እንዲከፍሉ ተደረገ። የሚዘገዩት ወላጆች ጨመሩ እንጂ አልቀነሱም። ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። ቀድሞ ሞግዚቷን ማስጠበቅ ያሳፍራቸው ነበር፤ ገንዘቡ ሲመጣ ግን ጊዜዋን የገዙት መሰላቸው። በቀጠሮ ክፍያም የምፈራው ይህንኑ ነው። ታካሚው «ከፍያለሁ» ብሎ ይቀራል፤ ክሊኒኩም ከቀሪ ታካሚ ገንዘብ እያገኘ ሰው ለምን እንደቀረ ለመጠየቅ አይቸኩልም።

የመጠበቁ ነገር ደግሞ ሥሩ ረጅም ነው። ኖርማን ቤይሊ የተባለ የስታትስቲክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1952 የሆስፒታል የቀጠሮ ወረፋን በሒሳብ ሲያጠና፣ የመዘነው ሁለት ነገር ነበር፦ ሐኪሙ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ጊዜና ታካሚዎች የሚጠብቁበት ጊዜ። ያቀረበው ዘዴ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት መቅጠር፣ ከዚያ አንድ አንድ እያሉ መቀጠል ነበር። ሐሳቡ ሚዛን መፈለግ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ቦታ አንዱ ወገን ብቻ ተጭኗል። «ከተቀጠሩት አንዳንዶቹ ይቀራሉ» ተብሎ በአንድ ሰዓት ሁለት ሦስት ሰው ይቀጠራል፤ ሁሉም ሲመጡ ወረፋው ይረዝማል፤ መጠበቅ የሰለቸው በሚቀጥለው ጊዜ ይቀራል፤ እሱ ስለቀረ ደግሞ ተጨማሪ ሰው ይቀጠራል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ሒሳብ የሚላከው ለአንዱ ብቻ ነው።

በቪዲዮ ሲሆን መጠበቁ የባሰ ነው። በአካል ስትጠብቅ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያለህ፣ ከፊትህ ስንት ሰው እንዳለ ትቆጥራለህ፣ ነርሷን ትጠይቃለህ። ስክሪን ፊት ግን ምንም አይታይም። ሐኪሙ መጥቶ ይሁን ረስቶህ፣ ሊንኩ ተበላሽቶ ይሁን ድምፅህ ጠፍቶ አታውቅም። የሥራ እረፍቷን ወስዳ ዕቃ ክፍል ውስጥ ስልክ ይዛ የቆመችው ሠራተኛ ከ20 ደቂቃ በኋላ መመለስ አለባት። የልጅ ልጃቸውን ስልክ የተዋሱት አዛውንት ልጁ ሲወጣ ስልኩም አብሮት ይወጣል። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ታቅፋ ካሜራ ፊት የተቀመጠች እናት ልጁ ሲያለቅስ መነሣቷ አይቀርም። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በሥርዓቱ ዓይን «ቀሪ» ናቸው። ክፍያው እስኪጠናቀቅ አዲስ ቀጠሮ የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ከኪሳቸው አልፎ ጤናቸው ላይ ያርፋል።

ሐኪሙ የሚዘገይበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ከእኔ በፊት የገባው ሰው ከባድ ዜና ተነግሮት ሊሆን ይችላል። እሱን ጥሎልኝ እንዲመጣ በፍጹም አልፈልግም። ግን ለሐኪሙ የምናውቅለትን ሰው መሆን ለታካሚውም እንወቅለት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ?

ደግሞ በቪዲዮ ሕክምና መከራከሪያ የሚሆን ነገር ብዙ አይደለም። ታካሚው ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ሐኪሙ ስንት ሰዓት እንደገባ፣ መስመሩ መቼ እንደተቋረጠ ሥርዓቱ ራሱ መመዝገብ ይችላል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ይሁን። ታካሚ 15 ደቂቃ ሲዘገይ «ቀሪ» ከተባለ፣ ሐኪሙ 15 ደቂቃ ሲዘገይ ታካሚው ያለ ክፍያ የመውጣትና በቅርብ ቀን ቅድሚያ የማግኘት መብት ይኑረው። ታካሚው በሰዓቱ ገብቶ እንደነበር መዝገቡ ካሳየ፣ በኋላ መስመር ቢቋረጥበትም ክፍያ አይጠየቅ። «ሐኪምዎ 40 ደቂቃ ዘግይተዋል፤ ሲደርሱ እንደውላለን» የሚል አጭር መልእክት ይላክ። መልእክት ምን ያህል እንደሚጠቅም ይታወቃል፤ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ግምገማ፣ ማስታወሻ ካልተላከላቸው ታካሚዎች 67.8 በመቶው ሲገኙ በስልክ የጽሑፍ መልእክት ከተላከላቸው 78.6 በመቶው እንደተገኙ አሳይቷል። ሰውን ወደ ቀጠሮው የሚያመጣ ርካሽ መንገድ እያለ ቅጣትን ማስቀደም አልገባኝም።

ለክሊኒኩ ተቃውሞዬን ጽፌያለሁ። የጠየቅኩት ክፍያው እንዲሰረዝልኝ ብቻ አይደለም፤ የዚያን ቀን እኔና ሐኪሙ የገባንበት ሰዓት ጎን ለጎን ተጽፎ እንዲላክልኝ ነው። እስካሁን መልስ እየጠበቅኩ ነው።