የእናት የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ

በቀብር ላይ የሚነበበው የእናቶች የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ያወጣችሁት ምክር ጥሩ ነው፤ የክርስትና ስምን ግን ዘላችሁታል። ፍትሐት የሚደረሰው በሱ ነው። ልጆች ብዙ ጊዜ አያውቁትም፤ «ወለተ ማርያም» ይሁኑ «ወለተ ሚካኤል» የንስሐ አባታቸውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ዘመን ስትቀይሩ ሁልጊዜ 8 አትደምሩ። ኅዳር 1940 የተወለዱ በፈረንጅ 1947 ነው፤ የካቲት ከሆነ ግን 1948።

«ደግና ሃይማኖተኛ ነበሩ» ለማንም ይነበባል። በየወሩ በ12 የሚካኤልን፣ በ21 የማርያምን ጽዋ በማኅበር ይጠጡ ከነበረ እሱን ጻፉ። ርዝመቱ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ነው የቆመው!

የጽዋው ተረኛ ሆነው ጽዋው ቤታቸው ከነበረ ለማኅበርተኞቹ ንገሩ፤ በለቅሶው ድንኳን ግርግር በጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ጓዳ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል።