«ሥራው ይቅደም፣ ጓደኛ ይደርሳል»፦ ይደርሳል ወይ?

ሁለቱም ጸሐፊዎች በሥራ ዓለም ከ10 ዓመት በላይ ቆይተዋል። የቀረበላቸው የመከራከሪያ ሐሳብ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አንድ ሰው ሥራው እስኪደላደልለት ድረስ ጓደኝነትን ቢያቆየው ምንም አይጎዳም።» እሱ ይደግፋል፣ እሷ ትቃወማለች።

ደጋፊ

አንድ ነገር ልናዘዝ። «ሥራና ሕይወትን ማመጣጠን» የሚባለውን ምክር ስሰማ ይደክመኛል። ምክሩን የሚሰጡት ብዙ ጊዜ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው «ምነው ትንሽ ረጋ ብዬ በነበር» የሚሉት። ረጋ ብለው ቢሆን ኖሮ ወንበሩን ማን ይይዘው እንደነበር ግን አይነግሩንም።

የሥራ የመጀመሪያ ዓመታት እንደሌላው ጊዜ አይደሉም። ያኔ የተማርከው ነገር በላዩ ላይ ሌላ እየተደረበበት ይሄዳል። ያኔ ያመለጠህ ዕድል ደግሞ ተመልሶ አይጠራህም። አለቃ ከባድ ሥራ ሲመጣበት ዙሪያውን ያያል፤ በቦታው ያለውን ሰው ነው የሚሰጠው። የሌለው ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የለም፣ በቃ።

ጓደኛ ግን ይጠብቃል። ጓደኛ ከሆነ ማለቴ ነው። ሦስት ዓመት ጠፍተህ ስትመለስ ወሬውን ካቆማችሁበት የምትቀጥሉት ሰው አለ አይደል? እኔ ጓደኛ የምለው እሱን ነው። በየሳምንቱ «ምነው ጠፋህ» እያለ ሪፖርት የሚጠይቅ ጓደኛ ሁለተኛ አለቃ ነው። አንዱን ያልቻልኩ ሰው ሁለተኛ ምን ያደርግልኛል!

ደግሞ ሥራን የእርካታ ጠላት አድርገን የምናወራው ነገር አይገባኝም። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ የዓመቱ መዝገብ አልዘጋ ብሎን ሦስት ቀን ተሰቃየን። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ሳየው ለ9 ይካፈላል። ልዩነት ለ9 ሲካፈል ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈዋል ማለት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አገኘሁት፤ 54 መሆን የነበረበት 45 ተብሎ ተጽፏል። ባዶ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። ያቺን ሌሊት በየትኛውም የጓደኛ ጨዋታ አልቀይራትም። ይቅርታ።

አባቴ በታመመ ጊዜ ሕክምናውን የከፈለውም ያ ያመሸሁበት ሥራ ነው። ይሄንንም ማንም እንዳይረሳብኝ።

ተቃዋሚ

ወንድሜ፣ ስለ 45ቷ እንኳን ደስ ያለህ። ከልቤ ነው። እኔም ሥራዬን እወዳለሁ፤ ሥራን የሚያጥላላ ሰው ጠብቀህ ከሆነ አላገኘህም። ጠቤ «ይቆይ» ከምትለው ቃል ጋር ብቻ ነው።

ጄፍሪ ሆል የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። ሰው ከሰው ጋር ለመወዳጀት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል ብሎ ጠየቀ። ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሻገር 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመባባል 90 ያህል፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 በላይ ሆኖ አገኘው።

ተማሪ ሳለን ይሄ 200 ሰዓት በነጻ ነበር የሚመጣው። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ በአንድ መንገድ እየተመለስን፣ አንዳንዴም ምንም ሳናወራ። አሁን «ብጠፋም ይጠብቀኛል» የምትለው ሰው የዚያን ጊዜ ተቀማጭህ ነው። ከዚያ ወዲህ እያወጣህ ነው እንጂ አላስገባህም። ገቢ የሌለው ወጪ የት እንደሚያደርስ ለሂሳብ ሰው እኔ ላስረዳ?

የራሴን ልናገር። የቆየች የልብ ጓደኛ አለችኝ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የተጻጻፍነውን ወደ ኋላ እየመለስኩ አነበብኩት። «እንገናኝ እንጂ!» እላለሁ። «እሺ የኔ ቆንጆ፣ መቼ?» ትላለች። «ይቺ ሳምንት ትለፍና» እላለሁ። ከዚያ ሁለት ወር ዝምታ። ከዚያ የልደት መልካም ምኞት። ከዚያ እንደገና «እንገናኝ እንጂ!» ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ነው። ሰባት ጊዜ «እንገናኝ» ብያለሁ፣ ቆጥሬዋለሁ። አንድም ጊዜ ቀን አልጠቀስኩም።

በመጨረሻ ደወልኩ። ለካ ከባሏ ጋር ከተለያዩ አምስት ወር አልፏቸዋል። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት ምን አለችኝ መሰለህ? «ሥራ በዝቶብሻል ብዬ ነው።» ተቀይማ አይደለም። በቅንነት ነው ያለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዳልከው ጠብቃኛለች። ስደውል አነሳች፣ ወሬውንም ቀጠልን። ግን የቀጠልነው ካቆምንበት አይደለም። እኔ ከሌለሁበት ነው።

ደጋፊ

ይሄ ከባድ ነው፤ ቀልጄ አላልፈውም። ግን ሁለት ቦታ ላይ አልስማማም።

የሆል ሰዓቶች ጓደኝነት የሚመሠረትባቸው ናቸው። የተመሠረተውን ለማቆየት ስንት ይበቃል? እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ቤት መሥራትና ቤት መጥረግ እኩል ጉልበት አይጠይቁም።

ቀጥሎ ደግሞ፣ ራቅ ያለ ትውውቅን አትናቂው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የሶሺዮሎጂ ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ነገር አንስቷል። አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ከሚቀርቡት ጓደኛ አይደለም። አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ጓደኛሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂያለሽ።

200 ሰዓት ከየት ይመጣል ካልሽኝ ደግሞ መልሴ ቢሮ ነው። አጠገቤ ከሚቀመጠው ባልደረባዬ ጋር በሁለት ወር ውስጥ እሞላዋለሁ።

ተቃዋሚ

አትሞላውም። ሆል ራሱ አብሮ በመሥራት ያለፈ ሰዓት ያን ያህል እንደማይቆጠር ተናግሯል። የሚቆጠረው ጨዋታው፣ ቀልዱ፣ «እንዴት ሰነበትሽ» ተባብሎ መልሱን መስማቱ ነው።

እኔም እንደ አንተ አስብ ነበር። አንድ ጊዜ ለምርመራ ሄጄ ቅጽ ሰጡኝ። «በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው» ይላል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፣ በቃሌ የማውቀው ቁጥር ደግሞ የአለቃዬን ብቻ ነው። እሱን ጻፍኩ። «ዝምድና» የሚለውን ባዶ ተውኩት። ነርሷ ቅጹን አየችና «ምንሽ ነው?» አለችኝ። «የክፍል ኃላፊዬ።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ምንም ሳትል ጻፈችው።

ምርመራው ምን ነበር ካልከኝ፣ ልቤ እየመታ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋን በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋን በ17 በመቶ ከፍ ያደርጋል። እኔ ያኔ ስንት ሰዓት እሠራ እንደነበር አልነግርህም። አንተም የአንተን አትንገረኝ።

አሁን «እስኪደላደል» ወደምትለው ልምጣ። ሥራ መቼ ተደላድሎ ያውቃል? ኢኮኖሚስቱ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ በ1930 እ.ኤ.አ. በ100 ዓመት ውስጥ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ያህል ቢሠራ ይበቃዋል ብሎ ተንብዮ ነበር። 100ው ዓመት እየሞላ ነው። ሀብቱ መጣ፣ «በቃኝ» የሚል ሰው አልመጣም። የመጀመሪያ ደረጃህን ስታገኝ ሁለተኛው ከፊትህ ይቆማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው መሰለኝ። ለአምስት ዓመት ብሎ ጓደኝነትን ያቆየ ሰው በስድስተኛው ዓመት ድንገት ጓደኛ ወዳድ ሆኖ አይነሳም። እጁ ስልኩ ላይ ሲሄድ የሚከፍተው ኢሜይሉን ነው። ለምዶበታላ!

ትልቅ ሥራ የሚሠራው ብቻውን የሚያመሸው ነው እንዳትለኝ ደግሞ። አልበርት አንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ስለ አንጻራዊነት ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ የሌላ ምሁር ጽሑፍ በምንጭነት አልዘረዘረም። መጨረሻ ላይ ግን ላገዘው ሰው ምስጋና አለ። የተመሰገነው ሚሼል ቤሶ የሚባል ጓደኛው ነው።

ደጋፊ

እዚህ ላይ ያዝኩሽ። ቤሶና አንስታይን እኮ በርን ከተማ በሚገኘው የፈጠራ ባለቤትነት ቢሮ አብረው ነበር የሚሠሩት። የእኔው «ቢሮ» ማለት ነው!

ስለ ሰዓቱ ያልሽውን ግን አልከራከርም። አልነግርሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። ያንቺን «እንገናኝ እንጂ» ካነበብኩ በኋላ የራሴን ስልክ ከፈትኩ። የአንድ ጓደኛዬ የመጨረሻ መልእክት የአራስ ልጅ ፎቶ ነው። በነጭ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ። እኔ የመለስኩት ወደ ላይ የተቀሰረች አውራ ጣት ናት። ቃል እንኳን አይደለም፣ ምስል። ከዚያ በታች ምንም የለም።

ሐሳቤን ግን አልተውኩም። ያ ፎቶ በመጣበት ወር የኦዲት ሥራ ላይ ነበርኩ። ያን ሥራ ባልሠራው ኖሮ ዛሬ ያለሁበት አልደርስም ነበር። እውነቱን ነው የምልሽ፤ ደግሞ ቢመጣም እሠራዋለሁ።

ተቃዋሚ

ሥራው። እኔ ኦዲቱን ተው አላልኩህም። «እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ስሙን ማን አላችሁት?» ብሎ ለመደወል ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከቢሮ እስከ መኪናህ የምትሄድበት ጊዜ ነው። እኔ አሁን የማደርገው ይሄንን ነው፤ ሌላ ጥበብ የለኝም። «እንገናኝ» የምትል ቃል ደግሞ ቀንና ሰዓት ካልተከተላት አልጽፋትም።

ቤሶን በተመለከተ፣ ቢሮው አይደለም ያገናኛቸው። ቢሮ ከመግባታቸው ከዓመታት በፊት ነው ዙሪክ ውስጥ የተዋወቁት፣ ሙዚቃ በሚጫወቱበት ቤት። አንስታይን ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ቤሶ ወደ ቢሮው የመጣው በኋላ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ጓደኝነቱ ሥራውን ቀደመው እንጂ ሥራው ጓደኝነቱን አልወለደውም።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ። የልጁ ስም ማን ነው?

ደጋፊ

ስሙን አውቃለሁ፤ ፎቶው ሥር ተጽፏል።

ዕድሜውን ግን ከመልእክቱ ቀን ተነስቼ ነው ያሰላሁት። ሦስት ዓመት ከሁለት ወር።